የመስሪያ ቤት ባህል ላይ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ማርቆስ አንድ መስሪያ ቤት ተቀጥሬ ስገባ ግድግዳው ላይ በትልቁ «ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ቅንነት» የሚል ባነር ነበር፣ እኔም አንብቤ ጥሩ ቦታ ገባሁ አልኩ። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፣ ባነሩን ባህል አድርጎ ማየት። አሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤድጋር ሻይን የድርጅትን ባህል በ3 ደረጃ ነው የሚከፍለው፤ በአይን የሚታየው፣ ድርጅቱ እሴቴ ነው ብሎ የሚናገረው፣ እና ከስር ያለው ማንም ሳይናገረው ሁሉም የሚያምነው። ቅኔ አገር ላደገ ሰው ይሄ አይከብድም፣ ባነሩ ሰሙ ነው ወርቁ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ሁለተኛው ዝምታን ስምምነት ነው ብሎ መውሰድ፣ ለኔ ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ስብሰባ ላይ ኃላፊው «አስተያየት ያለው?» አለ፣ ሁሉም አጀንዳው ላይ አቀረቀረ፣ «እንግዲህ ተስማምተናል» ተብሎ ተዘጋ። ቡና ልንጠጣ ስንወጣ ንብረት ክፍል ያሉት እትዬ «የመጋዘኑ ጣራ እኮ ያፈሳል፣ ያ ሁሉ ማዳበሪያ ሊበላሽ ነው» አሉ። ታዲያ እዛው ለምን አልተናገሩም ስላቸው «አይ ልጄ አንተ አዲስ ነህ፣ አምና የተናገረው ልጅ አሁን የት ወረዳ እንዳለ ጠይቅ» አሉኝ። በቃ ባህሉ እሱ ነበር፣ የትም አልተጻፈም ግን የአንድ ልጅ ዝውውር ቢሮውን በሙሉ አስተምሮታል። ኃላፊ የሆናችሁ ሰዎች እባካችሁ ስብሰባ ላይ መጨረሻ ተናገሩ፣ መጥፎ ወሬ ቀድሞ ያመጣውን ሰው ደግሞ ሰው ፊት አመስግኑት።

ሌላው «የኛ ሰው አለቃውን አይናገርም፣ ባህላችን ነው» ብሎ መተው። እኔ አልቀበለውም! ያው ቢሮ ውስጥ ዝም ያለው ሰውዬ እሁድ እድር ላይ ዳኛውን አስቁሞ ሂሳቡን አንድ በአንድ ያስቆጥራል እኮ፣ እዛ ስለተናገረ የትም አይመደብማ። ችግሩ ሰውየው ጋ ሳይሆን መናገር የሚያስከፍለው ዋጋ ላይ ነው።

ባህር ዳር ወስዶ 2 ቀን አሰልጥኖ አበል ከፍሎ ባህል ተቀየረ ማለትም አለ፣ ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

የመጨረሻው የሌላውን አሰራር ላዩን ብቻ መቅዳት ነው። ካይዘን የሚባለውን፣ ስራን ትንሽ በትንሽ እያሻሻሉ የመሄድ የጃፓን አሰራር የሚያስፋፋው ካይዘን ኢንስቲትዩት አገራችን ላይ በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ «5ቱ ማዎች» የሚባሉት የስራ ቦታ ማደራጃ ደረጃዎች ያልተለጠፉበት ቢሮ ማግኘት ይከብዳል፣ ማጣራት ማስቀመጥ ማጽዳት እያለ ይሄዳል፣ ጥሩ ነገር ነው ምንም አልልም። ግን በዚህ አሰራር የሚታወቀው የጃፓኑ መኪና አምራች ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ማንኛውም ሰራተኛ ችግር ካየ ገመድ ስቦ የማምረቻ መስመሩን ማስቆም ይችላል፣ የሳበውን ሰው አለቃው መጥቶ ያግዘዋል እንጂ አይቀጣውም፣ የአሰራሩ ነፍስ እሱ ነው። እኛ ጋ ገመዱን የሳበው ያ ወረዳ የተላከው ልጅ ነበር። ፖስተሩን ከመለጠፋችሁ በፊት እሱን መልሱት።