በኦፕንኤልዳፕ የተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃል ሲያስቀምጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኦፕንኤልዳፕን፣ ማለትም የድርጅት ተጠቃሚዎች መዝገብ የሚቀመጥበትንና ማንነታቸው የሚረጋገጥበትን የኤልዳፕ (የማውጫ ፕሮቶኮል) ሰርቨር፣ ተክሎ ሥራ ማስጀመር ዛሬ ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ተጠቃሚዎች መግባት ከጀመሩ በኋላ የይለፍ ቃሎቻቸው በምን መልክ እንደተቀመጡ ማንም ሳያይ ዓመታት ማለፋቸው ነው። ሰርቨር እንድፈትሽ ስጠራ አስቀድሜ የምከፍተው የይለፍ ቃሉ የሚቀመጥበትን፣ ዩዘርፓስወርድ የተባለውን አትሪቢዩት (የመዝገብ መስክ) ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸውም እዚያው ደጋግሜ ያገኘኋቸው ናቸው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ፣ ሰርቨሩ ራሱ ቃሉን ሃሽ ያደርግልኛል፣ ማለትም ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ ይለውጥልኛል፣ ብሎ ማመን ነው። አስተዳዳሪው በኮንፊገሬሽኑ ውስጥ የሃሽ ስልት የሚመረጥበትን መስመር ያገኛል፣ የሚፈልገውን ይሞላል፣ ከዚያም ወደ ሰርቨሩ የሚገባ የይለፍ ቃል ሁሉ በዚያ ስልት የሚያልፍ ይመስለዋል። አያልፍም። ያ መስመር የሚሠራው የይለፍ ቃሉ በ2001 በወጣው አርኤፍሲ 3062 (የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ) በተደነገገው የይለፍ ቃል መቀየሪያ ኦፕሬሽን በኩል ሲመጣ ብቻ ነው፤ ኤልዳፕፓስወድ የተባለው ትእዛዝ የሚጠቀመውም ይህንኑ ነው። መዝገብ በሚጨምረው ኤልዳፕአድ ወይም በሚያሻሽለው ኤልዳፕሞዲፋይ ትእዛዝ የተላከ እሴት ግን ለሰርቨሩ ተራ ባይት ስለሆነ እንደመጣ ይቀመጣል። ግልጽ ጽሑፍ የላከ ሰው ግልጽ ጽሑፍ አስቀመጠ ማለት ነው፤ ተጠቃሚውም ያለ ምንም ችግር ይገባል፣ ምክንያቱም ኦፕንኤልዳፕ ከፊቱ በጠምዛዛ ቅንፍ የተጻፈ የስልት ስም የሌለውን እሴት እንደ ግልጽ የይለፍ ቃል ቆጥሮ ያመሳክረዋል። ሁሉም ነገር ስለሚሠራ የሚጠራጠር አይኖርም።

በአንድ መሥሪያ ቤት ያየሁት ይህንን ያሳያል። አዲስ ሠራተኛ የሚመዘገበው በሰው ኃይል ክፍሉ ፕሮግራም ነበር፤ ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን የይለፍ ቃል በተራ የመዝገብ መጨመሪያ ኦፕሬሽን ይልካል፣ ሠራተኛው ወደፊት በራሱ ሲቀይረው ግን ለውጡ በትክክለኛው ኦፕሬሽን በኩል ያልፋል። ስለዚህ የቀየሩት ሰዎች ቃል ሃሽ ሆኖ፣ ያልቀየሩት ግን ራቁቱን ተቀምጦ ነበር። አስተዳዳሪዎቹ መዝገቡን ከፍተው ሳያዩት ቀርተው አልነበረም፤ ነገር ግን የመፈለጊያው ትእዛዝ ኤልዳፕሰርች ይህንን አትሪቢዩት ሁልጊዜ በቤዝ64 ቀይሮ ስለሚያሳይ፣ ከሁለቱ ድርብ ነጥቦች በኋላ የሚመጣውን የተዘበራረቀ ፊደል ሲያዩ የተመሰጠረ መስሏቸው ነበር። ቤዝ64 አጻጻፍ እንጂ ምስጢር አይደለም፤ ማንም በአንድ ትእዛዝ ይፈታዋል። እባክዎ ፈትተው ይመልከቱት፤ በቅድሚያ የሚመጣው በቅንፍ ውስጥ ያለ የስልት ስም ካልሆነ የሚያነቡት የሰውየውን የይለፍ ቃል ነው።

መፍትሔው ወይ ፕሮግራሙን ማስተካከል፣ ወይም ፒፖሊሲ በተባለው የይለፍ ቃል ደንብ ማስፈጸሚያ ተደራቢ ሞጁል ውስጥ ግልጽ ቃልን ሃሽ የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ነው። ሁለተኛው ከኤልዳፕ የመረጃ ሞዴል ጋር እንደሚጋጭ የሞጁሉ ማኑዋል ራሱ ይናገራል፤ ቢሆንም የማይታዘዝ ፕሮግራም ይዞ ከመቀመጥ ይሻላል። በሌላ በኩል፣ ቃሉን በደንበኛው በኩል ሃሽ አድርጎ የመላክን «ብልሃት» አልመክርም፤ ሰርቨሩ የሃሹን ርዝመት እንጂ የቃሉን ርዝመት ማየት ስለማይችል የጥራት ደንብዎ ከንቱ ይሆናል።

ዩዘርፓስወርድ ከአንድ በላይ እሴት መያዝ የሚችል አትሪቢዩት መሆኑን መርሳት ሌላው ነው። አዲሱን ቃል በመተካት ፈንታ በመጨመር ያስገባ ሰው አሮጌውን አላጠፋም፤ ሰርቨሩ በእያንዳንዱ እሴት ላይ እየሞከረ አንዱ ከተስማማ ያስገባል። ምስጢሩ ወጥቷል ተብሎ «የተቀየረ» የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል፣ ከለውጡ በኋላ ለሳምንታት በር ሲከፍት አይቻለሁ።

ኤስኤስኤችኤ የተባለው የሃሽ ስልት ሶልት (ከቃሉ ጋር የሚደባለቅ የዘፈቀደ ባይት) ስላለው ይበቃል የሚሉም አሉ። እሴቱ ከቤዝ64 ሲፈታ የመጀመሪያዎቹ 20 ባይቶች የኤስኤችኤ-1 ሃሽ ውጤት፣ የቀሩት ደግሞ ሶልቱ ናቸው፤ ሰርቨሩ የተጠቃሚውን ቃልና ያንን ሶልት አያይዞ እንደገና በማስላት ያመሳክራል። ሶልቱ አንድ ዓይነት ቃል ያላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሃሽ እንዳይኖራቸው ይከላከላል፣ አስቀድሞ የተሰላ ሰንጠረዥንም ዋጋ ያሳጣል፤ በ2012 ከሊንክድኢን የወጡት 6.5 ሚሊዮን ገደማ ሃሾች ያጡት ይህንን ነበር። ነገር ግን ኤስኤችኤ-1 የተሠራው ፈጣን እንዲሆን ነው፤ በግራፊክስ ካርድ የሚገምት ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ፍጥነት ነው። ወደ ኤስኤችኤ-512 መሸጋገርም፣ በብዙ ዙር ካልተደጋገመ በቀር፣ ይህንን አይለውጥም። በ2015 የይለፍ ቃል ሃሽ ውድድርን ያሸነፈው አርገን2 ከኦፕንኤልዳፕ 2.5 ጀምሮ ከዋናው ፓኬጅ ጋር ስለሚመጣ ምክንያት የለንም። አርገን2 ለእያንዳንዱ ማረጋገጫ የሚይዘውን የማስታወሻ (ሚሞሪ) መጠን ሲመርጡ ግን የጠዋቱን 2 ሰዓት ተኩል ያስቡ፤ አንድ ማረጋገጫ 64 ሜጋባይት ቢፈልግና 50 ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢገቡ ከ3 ጊጋባይት በላይ ያስፈልጋል።

የአርገን2ን ሞጁል በዋናው ሰርቨር ላይ ብቻ ጭኖ ቅጂ ሰርቨሮቹን መርሳትም አለ። ሃሹ በሬፕሊኬሽን ይደርሳቸዋል፣ የሚያነቡበት ሞጁል ግን የላቸውም፤ የማያውቁትን የስልት ስም ሲያገኙ የሚመልሱት ስህተት ቁጥር 49 ነው፣ ይህም ለተሳሳተ የይለፍ ቃል የሚመለሰው ያው ቁጥር ነው። ተጠቃሚው «አንዳንዴ ይገባልኛል፣ አንዳንዴ እምቢ ይለኛል» ካለዎት የሰውየውን ጣት ከመጠርጠርዎ በፊት የትኛው ሰርቨር እንደመለሰለት ይዩ።

ሃሹን ወደ ራሱ አምጥቶ የሚያመሳክር አፕሊኬሽን አይጻፉ፤ በኮምፔር ኦፕሬሽንም አይሞክሩ፤ እርሱ ባይትን ከባይት የሚያነጻጽር በመሆኑ ሃሽ ላይ አይሠራም። ትክክለኛው መንገድ በተጠቃሚው ስም ባይንድ ማድረግ፣ ማለትም ስሙንና ቃሉን ሰጥቶ ሰርቨሩ ራሱ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ፣ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ በአርኤፍሲ 4513 መሠረት ስም ኖሮት የይለፍ ቃሉ ባዶ የሆነ ባይንድ ማንነት ያልተረጋገጠበት ባይንድ ይባላል፤ የፈቀደው ሰርቨር «ተሳክቷል» ብሎ ሲመልስ አፕሊኬሽኑ ሰውየውን አስገባሁ ይላል። ኦፕንኤልዳፕ በነባሪ ይከለክለዋል፣ ሁሉም ሰርቨር ግን እንዲሁ አያደርግም፤ ስለዚህ ባዶ ቃልን አፕሊኬሽንዎ ራሱ ይመልስ።

የመዳረሻ ደንብ ጨርሶ ካልጻፉ ኦፕንኤልዳፕ ለሁሉም የማንበብ መብት ይሰጣል፣ ሃሹንም ጨምሮ። ለዩዘርፓስወርድ የሚጻፈው ደንብ ይህ ይሁን፦ ለባለቤቱ መጻፍ፣ ማንነቱ ላልታወቀ ደንበኛ ማረጋገጥ ብቻ፣ ለሌላው ምንም፤ ይህም ከሰፊው ደንብ በላይ ይጻፍ። በቲኤልኤስ ምስጠራ ያልተሸፈነ ባይንድ ቃሉን በግልጽ እንደሚልክ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ቃሉን በኤኮ ትእዛዝ ወደ ፋይል ጽፈው ሃሽ ለሚያወጣው ስላፕፓስወድ ትእዛዝ የሚሰጡ ሰዎች፣ ኤኮ በመጨረሻው ላይ የሚጨምረው አዲስ መስመር አብሮ ሃሽ እንደሚሆን ይወቁ።

በግእዝ ፊደል የይለፍ ቃል የሚጽፉ ተጠቃሚዎች ካሉዎት ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹን 8 ባይቶች ብቻ የሚያየው የጥንቱ የክሪፕት ሃሽ ስልት ሦስተኛውን ፊደል እንኳ አይጨርስም፤ 72 ባይት ላይ የሚቆመው ቢክሪፕት ደግሞ ከ24 ፊደል አያልፍም። «ሰላም»ን በእሳቱ ሰ የመዘገበ ሰው በንጉሡ ሠ ከሞከረ አይገባም፤ ይህ የሰርቨሩ ጥፋት ስላልሆነ ለእርዳታ ክፍሉ አስቀድመው ያስረዱ።

በመጨረሻ፣ የሃሽ ስልቱን መቀየር የተቀመጡትን እሴቶች እንደማይነካ አይዘንጉ። አሮጌው ሃሽ ወደ አዲሱ ሊለወጥ የሚችለው ባለቤቱ ቃሉን ሲያስገባ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀን ቆርጠው በፒፖሊሲ በኩል እንዲቀይሩ ያስገድዱ፣ እስከዚያው የአሮጌውን ስልት ማመሳከሪያ አያጥፉ። ሰው የማይገባባቸውን የአገልግሎት አካውንቶች ግን ማንም አይቀይራቸውም፤ እነርሱን ዘርዝረው አንድ በአንድ ራስዎ ይቀይሩ።