የማዕከላዊ ባንክ ገዥን የሥራ ታሪክ እንዴት እንጻፍ?

ደሴ ላይ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ አንድ ባለሙያ ጻፉ ሲባሉ ዲግሪ ደርድረው ይጨርሳሉ። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ግሪካዊውን ሉካስ ፓፓዴሞስን እንውሰድ።

ትምህርታቸውን በአንድ መስመር ጨርሱት፦ ኤም አይ ቲ (አሜሪካ ያለ ዩኒቨርሲቲ)፣ መጀመሪያ ፊዚክስ፣ በ1978 የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ከእኛ ጋር እንዳትቀላቅሉ።

ብዙውን ቦታ ለዚህ ስጡ፦ ከ1994 እስከ 2002 የግሪክ ባንክ ገዥ ነበሩ። ሲሾሙ የዋጋ ንረቱ ከ10 በመቶ በላይ ነበር። ወደ ዩሮ ለመግባት ደግሞ ንረቱ የግድ መውረድ ነበረበት። ግሪክ በ2001 ገባች፤ 1 ዩሮ በ340.75 ድራክማ (የቀድሞው የግሪክ ገንዘብ) ተተመነ። ይህን ቁጥር አትዝለሉት። ደሴ ገበያ ጤፍ የምትሸምት እናት የዋጋ ንረትን በኪሷ ታውቀዋለች፤ እኔ ገዥን የምመዝነውም በዚሁ ነው።

ቀጥሎ እስከ 2010 የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ይህን ባጭሩ እለፉት።

በኖቬምበር 2011፣ በግሪክ የዕዳ ቀውስ መሃል፣ የአገራቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በምርጫ አልተወዳደሩም፤ ፓርላማው ግን አመኔታ ሰጣቸው። እዚህ ላይ የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ሐሳብ አስፍሩ፣ ከዚያ የራሳችሁን ፍርድ በድፍረት ጻፉ።