የጻፍኩት ለምን አይታይም? የሰፈር ግሩፕ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የብሎኮቻችን የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። ሌሊት ውሃ ስትመጣ «ሮቶ ሙሉ» የሚባለው፣ መብራት ሲጠፋ «እናንተም ጋ ነው?» የሚባለው፣ ለቅሶ፣ የጠፋ ልጅ፣ የጥበቃ ክፍያ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች አንድ መልእክት አለመታየቱ ውሃዋ ከሄደች በኋላ መንቃት ማለት ነው። ስለዚህ «የጻፍኩትን አጠፋችሁብኝ» የሚለኝን ሰው ሁሉ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው የሚጠረጥረውና እውነተኛው ምክንያት አይገናኙም።

ምንም ከማለታችሁ በፊት የጎረቤት ስልክ ላይ ግሩፑን ከፍታችሁ እዩ። በራሳችሁ ስልክ ብቻ አትፍረዱ።

መልእክቱ ጥግ ላይ ትንሽ ሰዓት ይታያል

ማንም አላጠፋውም፤ ገና ከስልካችሁ አልወጣም። አንድ የራይት ምልክት (✓) ሲሆን ቴሌግራም ጋ ደርሷል፣ ሁለት ሲሆን ቢያንስ አንድ ሰው አንብቦታል። እኛ አካባቢ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይደክማል። ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ በቴክስት ላኩት ወይም ደውሉ።

መልእክቱ ተልኮ ነበር፣ አሁን የለም

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነውና።

አንዲት ምድር ቤት የሚኖሩ እናት አንድ ቀን በር አንኳኩተው «ልጄ፣ ምን በደልኳችሁ? ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስቴም ሰረዛችሁብኝ» አሉኝ። እኔ አልሰረዝኩም፤ ሌሎቹን አድሚኖች ብጠይቅ እነሱም አላዩትም። የአድሚኖችን መዝገብ ከፈትኩ። ቴሌግራም ውስጥ «ሪሰንት አክሽንስ» የሚባለው ነው፤ ያለፉትን 48 ሰዓታት ማን ምን እንደሰረዘ ያሳያል፣ የተሰረዘውንም ጽሑፍ ጭምር። የሰረዘው ቦቱ ነበር፤ ግሩፑን እንዲጠብቅልን ያስገባነው በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። እሳቸው የጻፉት «ደላላ ነኝ ያለ ሰው የውሃ ሞተር አስጠግናለሁ ብሎ ከየቤቱ 500 ብር ሰብስቦ ጠፍቷል፣ ተጠንቀቁ» የሚል ነው። እኛ ደግሞ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ሲያጥለቀልቀን «ደላላ» የሚለውን ቃል ከተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ውስጥ አስገብተን ነበር። ማስታወቂያውን እንዲያስቀርልን ያቆምነው ቦት ማስጠንቀቂያውን አስቀረ። በዚያው ቀን ሌሎች ሁለት ብሎኮች ገንዘባቸውን ከፈሉ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የቃል ማጣሪያ በአማርኛ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛው፣ ቃሉን እንጂ ሐሳቡን አያነብም፤ ተሳዳቢውም ስድቡን የሚያወግዘውም ያንኑ ቃል ይጽፋሉ። ሁለተኛው ከፊደላችን ይመጣል። «ኃይል» የሚለውን ቃል ሰዎች «ሀይል»፣ «ሃይል»፣ «ሐይል» እያሉም ይጽፉታል፤ ለማሽኑ እነዚህ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በዚያ ላይ «የደላላው»፣ «ከደላሎቹ»፣ «ለደላላ» አለ። ማጣሪያው ሙሉ ቃል ብቻ የሚይዝ ከሆነ እነዚህ ያመልጡታል፣ ውስጥ ውስጡን የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ንጹሑንም ይጠርጋል። ለመሳደብ የተነሳ ሰው በላቲን ፊደል ጽፎ ያልፋል፤ የሚያዘው በቅንነት በግዕዝ ፊደል የጻፈው ነው።

እኛ «ደላላ» የሚለውን ቃል አወጣን። በምትኩ አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊንክና ፎቶ እንዳይልክ አደረግን፤ ማስታወቂያው በአብዛኛው በዚሁ ቀረ። አንዱ አድሚን በየማታው መዝገቡን ያያል። ከ48 ሰዓት በኋላ ምን እንደጠፋ ማወቅ ስለማይቻል ይህን ሥራ ለሳምንት ማቆየት አይሆንም። ግሩፓችሁ ከ200 ሰው በላይ ሆኖ የቴሌግራምን የራሱን ጸረ ስፓም (ያልተፈለገ ማስታወቂያ መከላከያ) ከከፈታችሁም እዚያው መዝገብ ላይ ያለ አግባብ የተሰረዘውን «ስህተት ነው» ብላችሁ ማሳወቅ ትችላላችሁ።

መጻፍ አልቻልኩም

ሰከንድ የሚቆጥር ነገር ካያችሁ «ስሎው ሞድ» ነው፤ በሁለት መልእክት መካከል እስከ 1 ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል፣ ጠብቁ። መጻፊያው ቦታ ተዘግቶ እዚህ ግሩፕ መጻፍ እንደማትችሉ የሚናገር ከሆነ አድሚን ዘግቶባችኋል፤ ለምንና እስከ መቼ ብላችሁ በውስጥ ጠይቁት፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሌላ ክፍት ግሩፕ ላይም፣ ስልካችሁን ላልመዘገበ ሰውም መጻፍ ካቃታችሁ ግን ችግሩ አካውንታችሁ ላይ ነው። የላካችሁትን ሰዎች «ስፓም» ብለው ሪፖርት ሲያደርጉት ወደ ቴሌግራም መርማሪዎች ይሄዳል፤ እነሱ ካመኑበት አካውንቱ ለጊዜው ይገደባል። «ስፓምቦት» የሚባለውን የቴሌግራም ቦት ፈልጋችሁ ሁኔታውን ጠይቁት፣ ስህተት ከሆነም እዚያው አመልክቱ። እገዳው ከተነሳ በኋላ እንደገና ሪፖርት ከተደረጋችሁ ቀጣዩ ጊዜ ይረዝማል።

ብዙ ሰው ተነጋግሮ ሪፖርት አደረገኝ

አንድ ወጣት ጎረቤታችን «የጥበቃው ገንዘብ ሂሳብ ይቅረብ» ብሎ ጻፈ። በ10 ደቂቃ ውስጥ 11 ሰው ለአድሚኖች ሪፖርት አደረገው። አዲስ የነበረው አድሚናችን ቁጥሩን አይቶ ደንግጦ ሰረዘው። ጽሑፉ ውስጥ ስድብ አልነበረም፣ የማንም ስም አልተነሳም፤ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ሪፖርት «ይህን እዩልኝ» ማለት ነው። ድምፅ መስጫ ሲሆን ዘመድ የበዛለት ያሸንፋል፣ ብቻውን የቆመ ሰው ደግሞ ዝም ይላል። ዝም ያለው ሰው መዝገብ ላይ አይወጣም፤ ለዚህ ነው ይህ ጉዳት የማይታየው። ፌስቡክም ቢሆን አንድ ነገር የሚወርደው በሪፖርት ብዛት ሳይሆን ደንብ ሲጥስ ነው ይላል። ሬዲት ላይ ግን የግሩፑ ኃላፊዎች ከፈለጉ «ይህን ያህል ሪፖርት ሲደርስ አውርደው» ብለው ማሽኑን ማዘዝ ይችላሉ። ስለዚህ ያላችሁበት ቦታ በየትኛው እንደሚሠራ እወቁ።

እኛ አሁን ሪፖርቱን ስንት ሰው እንዳደረገ ከማየታችን በፊት ጽሑፉን እናነባለን። ጉዳዩ የሚነካው አድሚን እጁን አያስገባም፤ የኮሚቴ አባል የሆነ አድሚን ስለ ኮሚቴው የተጻፈ አይሰርዝም። የሰረዘ ሰው የትኛውን ደንብ እንደጣሰ ለጸሐፊው በውስጥ ይጽፍለታል። የወጣቱን ጥያቄ ከመዝገቡ ገልብጠን በስሙ መለስነው፣ ይቅርታም ጠየቅነው።

በሌላ በኩል፣ በብሔር ላይ ጥላቻ የሚዘራ ጽሑፍ ካያችሁ ሪፖርት ለማድረግ አታመንቱ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንዲህ ያለ ጥቆማ የደረሰው የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳው ያዛል።

ፌስቡክ ላይ እኔ አየዋለሁ፣ ሌላው አያየውም

ግሩፕ ላይ ከሆነ ምናልባት የአድሚን ፈቃድ እየጠበቀ ነው። ኮሜንት ከሆነ ደግሞ አስተያየቶቹ የተደረደሩበት «ሞስት ሬለቨንት» የሚለው ላይ ነው፤ ወደ «ኦል ኮሜንትስ» ቀይሩት፣ ብዙ ጊዜ ብቅ ይላል። ኩባንያው ራሱ ካወረደው ማሳወቂያ ይደርሳችኋል፣ ድጋሚ እንዲታይ ጠይቁ። ውሳኔው መገለባበጡ አይግረማችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ራያ ቆቦ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ፖስት መጀመሪያ ማሽን ጠቆመው፣ ሰው አወረደው፣ ይግባኙን ያየው ሁለተኛ ሰውም አጸና። ጉዳዩ የፌስቡክን ውሳኔዎች የሚመረምረው ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ቦርድ ጋ ሲደርስ ኩባንያው ተሳስቻለሁ ብሎ መለሰው፤ ቦርዱ ደግሞ መውረዱ ትክክል ነበር ብሎ ወሰነ።

መልእክቱ አለ፣ ግን ማንም አላየውም

የእንኳን አደረሳችሁ ፎቶ ቀብሮታል። ለአድሚን ንገሩትና ፒን ያድርገው፣ ከላይ ይስቀለው ማለት ነው። አድሚኖች ደግሞ ውሃዋ ስትሄድ ፒኑን አንሱት። እኛ ጋ የሦስት ሳምንት «ውሃ መጥቷል» ከላይ ተሰቅሎ ከረመና ሰው ፒን ማየቱን ተወ፤ እውነተኛዋ ውሃ ሌሊት 9 ሰዓት ስትመጣ በየበሩ እየዞርን ነው ያንኳኳነው።