የአሜሪካ ሰፋሪ ቅድመ አያት ስትፈልጉ አትሳሳቷቸው የምላቸው ነገሮች

ባላችሁ ወይ ሚስታችሁ አሜሪካዊ ከሆነ አንድ ቀን ልጃችሁ በዛ በኩል ያሉት አያቶቹ እነማን እንደነበሩ መጠየቁ አይቀርም። በኛ በኩል ሰባት ቤት እንቆጥርለታለን፣ በነሱ በኩል ግን ነገሩ ያለው ወረቀት ላይ ነው። የሚስቴ ዘመዶች በ1870ዎቹ ነብራስካ የሚባለው ስቴት ወርደው መሬት የያዙ ገበሬዎች ስለነበሩ ፍለጋውን ከጎኗ ሆኜ ሳይ ነው የከረምኩት፣ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳተው እነዚህ ላይ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ)።

አንደኛ ከተረት አትጀምሩ። ሁሉም ቤተሰብ ጋ አንድ ተረት አለ፣ ወይ ቅድመ አያታችን ከታዋቂው ሽፍታ ከጄሲ ጄምስ ጋር ባንክ ዘርፏል ወይ አያታችን ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት የቼሮኪዎች ልዕልት ነበረች። ቼሮኪዎች እኮ ልዕልት የሚባል ነገር የላቸውም! ተረቱን ጻፉትና አስቀምጡት፣ ከዛ በሕይወት ካለው ሰው ጀምራችሁ ወደኋላ አንድ አንድ ትውልድ ሂዱ፣ ካልሆነ መጨረሻ ላይ ስሙ የተመሳሰለ የሌላ ሰው አያት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ሁለተኛ ስሙን በአንድ ስፔሊንግ ብቻ መፈለግ። ይሄ ለኛ ሰው መቼም አዲስ አይደለም፣ የአንድ አባት ልጆች ፓስፖርት ላይ የአባታቸው ስም በሦስት ዓይነት ስፔሊንግ ሲጻፍ እናውቃለን። የሕዝብ ቆጠራ ቆጣሪው የሰማውን ነው የጻፈው፣ ጀርመኑ ሽሚት አንዱ ጋ ስሚዝ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ደሞ "ስማችንን ኤሊስ አይላንድ ላይ ቀየሩብን" የሚለውን እርሱት፣ እዛ ኒውዮርክ የስደተኛ መቀበያው ላይ የነበሩት ሠራተኞች መርከቡ ይዞት በመጣው ዝርዝር ነበር የሚሠሩት፣ ኤሊስ አይላንድ ራሱ የተከፈተው በ1892 ነው፣ በ1875 ነብራስካ ላይ ሲያርስ የነበረ ሰው በዛ እንዴት ብሎ ያልፋል? በኒውዮርክ ከገባ ካስል ጋርደን የሚባለውን የቀድሞ መቀበያ መዝገብ ነው የምትፈልጉት፣ ከ1855 እስከ 1890 የነበረውን።

ሴቶቹን መርሳት። እኛ ጋ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ስለምትቀር አይታየንም፣ እዛ ግን ባገባች ማግስት የባሏን ስም ይዛ ጥፍት ነው፣ ጋዜጣው እንኳ የሚጠራት በባሏ ስም "ሚስስ እገሌ" እያለ ነው። የልጆቿን የሞት ሰርተፊኬት እዩ፣ ብዙዎቹ ላይ የእናት የትውልድ ስም አለ። ባሏ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኑ የተዋጋ ከነበረ ደሞ የመበለት ጡረታ ፋይል ሊኖራት ይችላል፣ ጡረታውን ለማግኘት መጋባታቸውን ማስረዳት ነበረባት፣ አንዳንዷ የልደትና የጋብቻ ቀን የተጻፈበትን ገጽ ከቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ገንጥላ ልካለች፣ ወረቀቱ እስካሁን ፋይሉ ውስጥ አለ።

መጽሐፍ ቅዱስ ካልኩ አይቀር፣ ሰው አያቴ የጻፈችው ነው ብሎ ልክ እንደ ቅዱስ ቃሉ ያምነዋል። መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት እዩ። መጽሐፉ የታተመው በ1882 ሆኖ የ1851 ልደት ከተጻፈበት የጻፈው ሰው የጻፈው ቢያንስ 30 ዓመት ቆይቶ ነው። የስምንት ልጅ ልደት በአንድ ቀለም በአንድ እጅ ጽሑፍ ተከታትሎ ካለ አንድ ቀን ቁጭ ብላ ከትዝታዋ የጻፈችው ነው ማለት ነው። ውሸት ነው አላልኩም፣ ግን በየጊዜው በተለያየ ቀለም ከተጻፈው ጋር እኩል አይታይም። የልደት ሰርተፊኬት ፍለጋ ደሞ ብዙ አትድከሙ፣ አብዛኛው ስቴት ልደትን በደንብ መመዝገብ የጀመረው 20ኛው ክፍለ ዘመን ገባ ካለ በኋላ ነው።

ሴንሰሱን (የሕዝብ ቆጠራውን) እንዳለ ማመንም ሌላው ነው። ቆጣሪው ፈረስ ላይ ሆኖ መጣ፣ አባወራው ማሳ ላይ ነው፣ ማን እንደመለሰለት አታውቁም፣ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። ሴትየዋ በአስር ዓመት ውስጥ ሰባት ዓመት ብቻ ብታረጅ አትደንግጡ። ከ1850 በፊት ስሙ የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነው፣ 1850 ላይ ባሪያ ያልሆነ ሰው ሁሉ በስሙ ተጻፈ ግን ማን የማን ልጅ እንደሆነ አይልም፣ ዝምድናው መጻፍ የጀመረው በ1880 ነው፣ ስለዚ 1870 ላይ አንድ ቤት ያገኛችሁትን ሕፃን ሁሉ ልጃቸው ነው አትበሉ፣ የሞተ ወንድም ልጅ ሊሆን ይችላል። የ1890ው ደሞ ዋሽንግተን ውስጥ በ1921 በተነሳ እሳት ተበላሽቶ ከሞላ ጎደል የለም። ለነብራስካና ለዳኮታ የ1885 ቆጠራ አለላችሁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብ ከሆነ በባርነት የነበሩት አብዛኞቹ በስማቸው መጀመሪያ የሚታዩት በ1870 ነው፣ ከዛ በፊት ያለው ዝርዝር በአብዛኛው ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ብቻ ይዞ በጌታው ስም ስር ነው የሚያስቀምጣቸው፣ ያማል ግን እንደሱ ነው። ለነሱ ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች የተቋቋመውን የፍሪድማንስ ባንክ መዝገብ እዩ፣ አካውንት ሲከፍቱ ብዙዎቹ የወላጅና የወንድም እህት ስም አስመዝግበዋል።

የካውንቲ (በስቴት ውስጥ ያለ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ድንበር ይቀያየር ነበር። ዳኮታ ለሁለት የተከፈለችው በ1889 ነው። ሰውዬው ከቤቱ ሳይነቃነቅ ወረቀቱ ሁለት ሦስት ካውንቲ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፣ የዛን ዘመን ካርታ ያዙ። ኦንላይን ላይ የሰው የቤተሰብ ዛፍ ኮፒ ፔስት ስለማድረግ ምንም አልልም፣ ታውቁታላችሁ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን የመሬቱን ወረቀት አግኝቶ እዛው ማቆም ነው። በ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ አንድ ሰው 160 ኤከር ይዞ አምስት ዓመት ኖሮ ካለማ የሱ ይሆን ነበር። የባለቤትነት ወረቀቱ በነፃ ኦንላይን ይገኛል፣ ስም፣ ቀን፣ የመሬቱ ቁጥር፣ በቃ። ሰው እሱን ፕሪንት አድርጎ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ወርቁ ያለው የማመልከቻው ፋይል ውስጥ ነው፣ ናሽናል አርካይቭስ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ቤተ መዛግብት! መሬቱን ለመውሰድ ሁለት ምስክር ይዞ መቅረብ ነበረበት፣ ቤቱ ስንት በስንት እንደሆነ፣ ስንት ኤከር እንዳረሰ፣ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ ይጠየቃል፣ ስደተኛ ከሆነ የዜግነት ወረቀቱም እዛው አለ። የሚስቴ የቅድመ አያቷ አባት ፋይል ላይ ቤቱ ከነሳሩ በተቆረጠ አፈር የተሠራ መሆኑ፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ ሁለቱ መስኮት ሳይቀር አለ፣ በ1874 አንበጣ ሰብሉን ጨርሶበት ብርዱን ወንድሙ ጋ እንዳሳለፈ ጎረቤቱ መስክሯል። ያን ጊዜ ኮንግረስ በአንበጣ የተጎዱ ሰፋሪዎች መሬታቸውን ሳይቀሙ ለጊዜው እንዲሄዱ ፈቅዶ ነበር፣ ስለዚ ያ ወንድም ማን ነው፣ የት ነው የሚኖረው የሚለው አዲስ ፍለጋ ከፈተልን።

ሰውዬው አምስቱን ዓመት ሳይጨርስ ጥሎ ከሄደስ? ብዙዎቹ ጥለው ሄደዋል፣ የባለቤትነት ወረቀት ስለሌለ ኦንላይን ስትፈልጉ ምንም አይመጣም፣ ሰውም መሬት አልያዘም ብሎ ይተዋል። የተሰረዘውም ፋይል እኮ ተቀምጧል። ቁጥሩን ለማግኘት ትራክት ቡክ የሚባሉትን መዝገቦች መሬቱ አለበት ብላችሁ በምትገምቱት አካባቢ ገጽ በገጽ ማገላበጥ ነው፣ ፋሚሊ ሰርች የሚባለው የዘር ፍለጋ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አሉ፣ የእጅ ጽሑፉ ያስለቅሳል ብቻ።