"አረንጓዴ ነኝ" የሚል ዕቃን ሳይሸወዱ እንዴት መግዛት ይቻላል?

አንድ ጊዜ ቅጠል የተሳለበት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ገዛሁ። ከጎኑ ካለው ይወደዳል፤ ቢሆንም አካባቢን አይጎዳም ብዬ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ በደቃቁ የተጻፈውን ሳነብ ለካ "ተፈጥሯዊ" የተባለው ሽታው ኖሯል። ሳሙናው ያው ሳሙና ነው። ከዚያ ወዲህ መደርደሪያ ፊት ስቆም የማደርገውን ላካፍላችሁ። ከለመዳችሁት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

1. "ምኑ?" ብላችሁ ጠይቁ

የማሸጊያው ቀለምና ሥዕል ማስረጃ አይደለም፤ እለፉት። ጽሑፉን ብቻ ያዙ። "ኢኮ"፣ "አረንጓዴ"፣ "ለአካባቢ ተስማሚ" ይላል? ምኑ? ከምን ጋር ሲነጻጸር? መልሱ እዚያው ከሌለ ቃሉን እንዳልተጻፈ ቁጠሩት። "ተፈጥሯዊ" የሚለውም ብዙ አይነግራችሁም፤ መርዙ አርሴኒክም እኮ ተፈጥሯዊ ነው። "30 በመቶ ያነሰ ፕላስቲክ" ከተባለም ከጠርሙሱ ነው ወይስ ከክዳኑ?

ጥርጣሬው የበዛ ከመሰላችሁ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባስጠናው ጥናት ከተመረመሩት እንዲህ ዓይነት አባባሎች 53 በመቶው ግልጽ ያልሆኑ፣ አሳሳች ወይም መሠረት የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል።

2. ሦስት ማዕዘኑን በትክክል አንብቡ

እዚህ ላይ እኔም ለዓመታት ተሸውጃለሁ። የፕላስቲክ ዕቃ ገልብጣችሁ ብታዩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ሦስት ማዕዘኑ በቀስቶች የተሠራ ስለሆነ "ሪሳይክል ይደረጋል" ማለት ይመስላል። አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። 1 የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ነው። 6 ፖሊስታይሪን፣ ማለትም ፎም ኩባያ የሚሠራበት ዓይነት ነው። 7 ደግሞ "ሌላ" ማለት ነው፤ ከስድስቱ ያልገባው ሁሉ እዚያ ይወድቃል። ምልክቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ የታሰበው ለገዢ ሳይሆን ፕላስቲክ ለሚለዩ ሠራተኞች ነበር።

ቃላቱንም ለዩ። "ሪሳይክል ሊደረግ የሚችል" ማለት ተቀብሎ የሚሠራው ካለ ይቻላል ማለት ነው። በአካባቢያችሁ የሚቀበል ከሌለ ዕቃው ያው ቆሻሻ ነው። "ከሪሳይክል የተሠራ" ግን ቀድሞ የተከናወነ ነገር ነው። እኔ ሁለተኛውን አስበልጣለሁ፣ በመቶኛ ከተጻፈ ደግሞ ይበልጥ።

"ኮምፖስት የሚሆን"፣ ማለትም በስብሶ ወደ ማዳበሪያ የሚለወጥ የተባለ ኩባያም አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈተነው በኢንዱስትሪ ማብላያ ውስጥ፣ 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ነው። የጓሮ ክምር ያን ሙቀት ለረጅም ጊዜ አይዝም። ስለዚህ "በቤት ውስጥ" የሚል ካልተጨመረበት ጓሮ አትቅበሩት፤ በዓመቱ ስትቆፍሩ ኩባያው ሊጠብቃችሁ ይችላል።

3. ምልክቱን ማን እንደሰጠው እዩ

ክብ ማኅተም ማንም ሥሎ ይለጥፋል። ዋናው ነገር ከአምራቹ ውጪ የሆነ አካል መርምሮ የሰጠው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ያለው የጀርመኑ ሰማያዊ መልአክ፣ የሰሜን አውሮፓ አገሮች የስዋን ምልክትና የአውሮፓ ኅብረት አበባ እንዲህ ያሉ ናቸው። በወረቀትና በእንጨት ላይ የሚታየው የኤፍኤስሲ (ደን በኃላፊነት መያዙን የሚያረጋግጥ ድርጅት) ምልክት ደግሞ አብሮት የፈቃድ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት፤ የማን እንደሆነ ይነግራችኋል። ቁጥር የሌለው ከሆነ ወይም የሌላ ድርጅት ስም ከመጣ መልሳችሁ አስቀምጡት።

4. እውነት ሆኖ የማይረባውን ለዩ

"ሲኤፍሲ የለውም" የሚል የሚረጭ ቆርቆሮ አይታችሁ ይሆናል። እውነቱን ነው። ግን ኦዞንን የሚጎዳው ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ምክንያት ከገበያ ወጥቷል። ከጎኑ ያለው ቆርቆሮም የለውም።

5. "ከካርበን ነፃ" ሲባል ሒሳቡን ጠይቁ

ራሱ ብክለቱን ቀንሶ ነው ወይስ ሌላ ቦታ ለሚተከል ዛፍ ከፍሎ? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ማሸጊያው ላይ ካልተብራራ ለአምራቹ አጭር መልእክት ላኩ፦ ስንት ቀነሳችሁ፣ ከየትኛው ዓመት ጋር ሲነጻጸር፣ ማን አረጋገጠ? ቁጥር ይዞ የሚመልስ አለ። "ለምድራችን እንጨነቃለን" ብሎ የሚመልስም አለ፤ እሱም መልስ ነው።

6. ቤት ያለውን ቁጠሩ

ይህን መጀመሪያ ማድረግ ነበረባችሁ፣ እኔም ዘግይቼ ነው የነቃሁት። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጫና አንዴ ተጠቅመን ከምንጥለው ስስ ፌስታል እንዲያንስ ቢያንስ 131 ጊዜ መያዝ አለበት። አዲስ "ኢኮ" ቦርሳ ልገዛ ስል ቁም ሣጥኔን ከፈትኩ። ዘጠኝ የጥጥ ቦርሳ አገኘሁ። ሲባዛ 1,179 ጊዜ ገበያ መሄድ ይጠበቅብኛል። አሥረኛውን ተውኩት።