ስለ ከብት ለማስተማር ከክፍል ውጣ

ጎጃም ውስጥ ስለ ከብት የምታስተምር ከሆነ አንድ ነገር እወቅ። ከተማሪዎችህ ብዙዎቹ እረኛ ሆነው ነው ያደጉት፣ ካንተ ሳይሻሉ አይቀሩም። ስለዚህ ገለጻውን ተወውና ጠይቃቸው። «ቦራ» ምን ዓይነት በሬ ነው? «ዳልቻ»ስ? (ሁለቱም የከብት መልክ መጠሪያዎች ናቸው።) የደብረ ማርቆሱ ልጅ ዝም ሲል የገጠሩ እጁን ያወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ የሚቀመጠው ማለቴ ነው።

ከዚያ ባለቤቱን አስፈቅድና ገራም በሬ ጋ ውሰዳቸው። አፉን ባለቤቱ ይክፈተው፣ አንተ እንዳትሞክር። ከላይ የፊት ጥርስ የለውም! ልጆቹ የወለቀበት ይመስላቸዋል። ከታች ግን 8 አሉ። የወተት ጥርሶቹ 2 ዓመት ገደማ ሲሆነው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ መለወጥ ይጀምራሉ፤ ገበያ ላይ ገዢው አፍ ከፍቶ የሚያየው ዕድሜውን ሊገምት ነው። ሲያመሰኳ ደግሞ ዝም ብለው ጉሮሮውን ይዩ። ጉርሱ ሲወርድ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ሲወጣ ይታያል። አራት ክፍል ስላለው ሆድ ያኔ ብትነግራቸው ይገባቸዋል።

ለሰውና ለእንስሳ ዝምድና መቀናጆን አንሳ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች በሬዎቻቸውን አጣምረው በተራ ያርሳሉ። ሁለት ልጆች ምረጥና ይደራደሩ። ዝናብ ጥሎ ሁለቱም ዛሬ ማረስ ቢፈልጉስ? የአንዱ በሬ ቢታመምስ? እኔ ስሞክረው ደወል ተደውሎም ክርክሩ አላለቀም።

የቤት ሥራው ቀላል ነው። አያታቸውን ስለማይረሱት በሬ ጠይቀው ይምጡ፦ ስሙን፣ መልኩን፣ መጨረሻውን። ታርዶ ከሆነ ማን አለቀሰ?