ከያርድ ሴል ርካሽ ጥይት ገዝቶ ለመሸጥ ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እንደ ቨርጂኒያ፣ ዌስት ቨርጂኒያና ፔንሲልቬንያ ባሉ አደን በተለመደባቸው የአሜሪካ ግዛቶች፣ ቅዳሜ ጠዋት በየሰፈሩ በሚዘረጋው ያርድ ሴል (ሰዎች ያገለገለ የቤት ዕቃቸውን በግቢያቸው አውጥተው የሚሸጡበት ገበያ) ላይ ጥይት ማግኘት ብርቅ አይደለም። የቤቱ አባወራ ሲሞት ወይም አርጅቶ ወደ ጠባብ ቤት ሲዛወር ቤተሰቡ ጋራዡን ያራግፋል፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ጥይትም ከመሰርሰሪያውና ከዓሣ ማጥመጃው ጎን በቡና ቆርቆሮ ወይም በወታደራዊ የብረት ሣጥን ተሞልቶ ይወጣል። ሻጮቹ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውን አያውቁትም፤ የሚፈልጉት ከቤት እንዲወጣላቸው ብቻ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ዕቃ እየገዙ በመሸጥ ከሚተዳደሩ ወገኖቻችን መካከል ይህን ዕድል የሚመኙ አይጠፉም። ሥራው ትርፍ ሊኖረው ይችላል፤ ሆኖም በእኔ ግምት የሚያዋጣው ካየው ውስጥ አብዛኛውን ሳይገዛ መመለስ ለሚችል ሰው ብቻ ነው።

የሚኖሩበትን ቦታ ሕግ መዘንጋት

የፌዴራሉ መንግሥት ጥይት ብቻ የሚሸጥ ሰው የንግድ ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድድ የነበረውን ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ1986 አንሥቷል። ይህን የሰሙ ብዙዎች ነገሩ ሁሉ የተፈቀደ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ኢሊኖይ የመሣሪያ ባለቤትነት መታወቂያ፣ ማሳቹሴትስ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ለእኛ ሰው በጣም ቅርብ የሆነው አደጋ ግን የዋሽንግተን ዲሲ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ጥይት በመኪናው ጭኖ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ቤቱ የሚገባ የዲሲ ነዋሪ፣ በስሙ የተመዘገበ መሣሪያ ከሌለው በከተማዋ ሕግ ሊከሰስ ይችላል፤ ሕጉ ባዶ ቀለህን ሳይቀር በጥይት ትርጓሜ ውስጥ አካቶታል።

የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታም ችላ የሚባል አይደለም። ግሪን ካርድ ያለውን ሰው የፌዴራሉ ሕግ በዚህ ረገድ አይከለክለውም፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ጥይት መያዝ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ለጥየቃ የመጣን የእኅት ልጅ «እስቲ ይቺን ሣጥን ያዝልኝ» ማለት እንኳ ልጁን ለማይገባው ጣጣ ሊዳርገው ይችላል። ሲሸጡም ገዢው በከባድ ወንጀል ወይም በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት መሆኑን እያወቁ፣ ወይም ይህን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት እያለዎት መሸጥ ወንጀል ነው፤ ለ18 ዓመት ያልሞላው ልጅም የሽጉጥ ጥይት አይሸጥም። መታወቂያ ማየትና የሽያጩን ቀን መዝግቦ መያዝ ጥሩ ልማድ ነው፤ ገዢው ቅር ካለው ይቅርብዎ።

በእጅ የተሞላን ጥይት እንደ ፋብሪካ ጥይት መቁጠር

ከሁሉም የከፋውና ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት ይህ ነው። ብዙ አሜሪካውያን አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች የተተኮሰ ቀለህ ሰብስበው፣ አዲስ ፕራይመር (ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰውን በቂጡ ያለ ትንሽ ክፍል) ገጥመው፣ ባሩድ መዝነውና እርሳስ (ሲተኮስ ከቀለሁ ተነቅሎ የሚበረውን ጫፍ) ተክለው ጥይታቸውን ራሳቸው ይሞላሉ። በጥንቃቄ የተሠራው ለባለቤቱ ጥሩ ያገለግላል፤ ነገር ግን ውስጡ ምን ያህል ባሩድ እንዳለ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው፤ በያርድ ሴል ላይ ደግሞ ሠሪው ብዙውን ጊዜ በሕይወት የለም። ባሩዱ ሁለት ጊዜ ተጨምሮ ከሆነ መሣሪያው በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጭራሹን ካልተጨመረ ደግሞ ፕራይመሩ ብቻውን እርሳሱን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቅረዋል፤ ተኳሹ ይህን ሳያስተውል ቀጣዩን ከተኮሰ አፈሙዙ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ምልክቶቹን ለማየት ካርቶኑን ከፍቶ የጥይቶቹን ቂጥ ወደ ላይ አዙሮ ማንበብ ያስፈልጋል። በአንድ ሣጥን ውስጥ የሦስት አራት ፋብሪካዎች ማኅተም ተቀላቅሎ ከታየ፣ የፕራይመሮቹ ቀለም አንዱ ነሐስማ ሌላው ብርማ ከሆነ፣ ወይም በክዳኑ ላይ የባሩድ ስምና ሚዛን በእስክሪብቶ ከተጻፈ ጥይቱ በእጅ የተሞላ ሳይሆን አይቀርም። እጅግ አሳሳቹ ግን እንደ ሬሚንግተን ወይም ዊንቸስተር ያለ የታወቀ ፋብሪካ አሮጌ ካርቶን በእጅ በተሞላ ጥይት ተሞልቶ ሲገኝ ነው፤ ካርቶኑን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ያንኑ ካርቶን አምኖ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል። እንዲህ ያለው ጥይት በምንም ዋጋ ለተኳሽ መሸጥ የለበትም። በነገራችን ላይ ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ ባዶ ቀለህ በክብደት ገዝቶ ጥይት ለሚሞሉ ሰዎች መሸጥ፣ ትርፉ አነስተኛ ቢሆንም፣ እንቅልፍ የማይነሣ ሥራ ነው።

የተደባለቀውን ሳይለዩ በጅምላ መሸጥ

በቡና ቆርቆሮ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ የሾትገን (ጥቃቅን እርሳሶችን የሚበትን የአደን ጠመንጃ) ጥይት ነው፤ ባለ 12 ጌጅና ባለ 20 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ስፋቱ ያንሳል) ተደባልቀው ይገኙበታል። ባለ 20ው በመጠን ስለሚያንስ በስህተት ባለ 12 መሣሪያ ውስጥ ሲገባ ተንሸራቶ ከጥይት ማደሪያው ያልፍና አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቀራል። ተኳሹ ቃታ ስቦ ሳይተኮስለት ሲቀር መሣሪያው ባዶ ይመስለዋል፤ ባለ 12ውን ይጨምራል፤ መዝጊያውም ያለችግር ይዘጋል። ያን ጊዜ ከተኮሰ አፈሙዙ የሚፈነዳው ግራ እጁ በሚደግፍበት ቦታ አካባቢ ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ባለ 20ውን ቢጫ የሚያደርጉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን በካርቶን ቀለህ የተሠሩት አሮጌዎቹ ሁሉ ይህን ቀለም አይጠብቁም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቂጡን አንብቦ መለየት ግድ ነው፤ ጽሑፉ የጠፋበት ይወገዳል።

የዛገውን አጽድቶ መሸጥ

ምድር ቤት እርጥበት ያገኘው ጥይት አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። በደረቅ ጨርቅ የሚለቅ ስስ ሽፋን ብዙ አያሳስብም፤ ብረቱን የበላ፣ አንገቱ የተሰነጠቀ ወይም እርሳሱ በጣት የሚነቃነቅ ጥይት ግን ጨርሶ አይገዛም። ዘይት መርጨትም ነገሩን ያባብሰዋል፤ ዘይቱ ሰርጎ ፕራይመሩን ሊያበላሸው ይችላልና።

ወታደራዊ ጥይትን ሳያውቁ መግዛት

ከኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ስለቆዩ፣ አገር ቤት የምንሽር የምንለው ዓይነት ጠመንጃ ጥይትም ፈላጊ አለው። ችግሩ ከዚህ አሮጌ ጥይት ብዙው ፕራይመሩ ፖታሲየም ክሎሬት ያለበት መሆኑ ነው፤ ሲተኮስ አፈሙዙ ውስጥ የሚያስቀረው ጨው እርጥበት እየሳበ በጥቂት ቀናት ዝገት ያመጣል፤ ጨው የሚታጠበው ደግሞ በዘይት ሳይሆን በውኃ ነው። ይህን ለገዢው ሳይነግሩ መሸጥ ደንበኛ ማጣት ነው። ጥቁር ጫፍ ያላቸው የአሜሪካ ጦር ጥይቶች ብረት ለበስን የሚበሱ፣ ብርቱካናማዎቹ ደግሞ እሳት እየተፉ የሚሄዱ ናቸው፤ ብዙ የዒላማ ሜዳዎች አይቀበሏቸውም፤ ጀማሪ ቢተዋቸው ይሻላል። ከሣጥኑ ውስጥ የእጅ ቦምብ ወይም የሞርታር ጥይት የሚመስል ነገር ከታየ ሳይነኩ ርቆ፣ ሰዉንም አርቆ 911 መደወል ብቻ ነው መፍትሔው።

በእጥረት ጊዜ ዋጋ መገመት

እ.ኤ.አ. በ2013 ነጥብ 22 የሚባለው ትንሹ ጥይት፣ በ2020ና በ2021 ደግሞ ሁሉም ዓይነት ጥይት ከመደርደሪያ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ያን ዋጋ በልቡ ይዞ የሚገዛ ሰው ይከስራል። የሣጥኑን ዋጋ ለፍሬዎቹ ብዛት አካፍሎ ከሱቅ የአዲስ ጥይት ዋጋ ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ማንም ተኳሽ አሮጌውን አይመርጥም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የታተሙ ባለሥዕል የፒተርስና የዊንቸስተር ካርቶኖች ግን ሌላ ገበያ አላቸው፤ አንዳንዴ ባዶው ካርቶን ከጥይቱ ይበልጣል። ስለዚህ እሽጉ ያልተነካውን መቅደድ ሀብትን መቅደድ ነው፤ በእጅ የተሞላ መሆኑን ለማወቅ የሚከፈተው አስቀድሞ የተከፈተው ነው።

በፖስታ መላክና በሻንጣ መርሳት

የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጥይት አይቀበልም፤ የግል አጓጓዦችም የራሳቸው ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስና ኢቤይም ጥይት መሸጥን ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ሕጉ በሚፈቅድበት ግዛት ፊት ለፊት መገበያየት ይቀላል። ለያርድ ሴል የሚያዘው ቦርሳ ለሌላ ጉዞ መዋል የለበትም። በኪሱ የቀረች አንዲት ፍሬ በዋሽንግተኑ የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ብትገኝ መንገደኛውን ልታስቀጣው ትችላለች፤ አልፋ ቦሌ ብትደርስ ደግሞ የሚጠብቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ «ረስቼው ነው» ማለትም ከምርመራ አያድነውም።